«ደርሷል» አትበሉ፦ በውድ ምግብ ቤት እንግዳን የሚያስቀይሙ ስህተቶች

ባለፈው እሑድ ደሴ ውስጥ አንድ ውድ ምግብ ቤት ምሳ በላን። ነጭ የጠረጴዛ ልብስ፣ የጨርቅ ናፕኪን፣ ቀጭን ብርጭቆ። ዋጋውም እንደዚያው። ስድስት ሆነን ነበር። የመጀመሪያው ሳህን ከመጣ በኋላ የመጨረሻው እስኪመጣ 35 ደቂቃ ጠበቅን። በመሀል አስተናጋጁን አራት ጊዜ ጠየቅነው። አራቱንም ጊዜ «ደርሷል» አለን።

ልጁን አልተቆጣሁትም። ቅን ልጅ ነው፤ ግንባሩ ላይ ላብ ነበር። እኔም በዚህ ሙያ ኮምቦልቻ፣ ደሴና ላሊበላ 16 ዓመት ሠርቻለሁ። አሁን አዳዲስ አስተናጋጆችን አሠለጥናለሁ። ግን ማታ ቤቴ ገብቼ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ይህን አንድ ስህተት ስንት ዓመት አየሁት! ስለዚህ ቁጭ ብዬ ለእናንተ ለአስተናጋጆች ጻፍኩ። ትሪ እንዴት እንደሚያዝ፣ ጠረጴዛ እንዴት እንደሚዘጋጅ አልነግራችሁም። እሱን ታውቁታላችሁ።

«ደርሷል» ማለት

ከሁሉም የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። እንግዳው «ምግባችን የት ደረሰ?» ይላል። አስተናጋጁ ኪችን ሳይገባ፣ ሼፉን ሳይጠይቅ «ደርሷል» ይላል። ወይም «እየወጣ ነው»። ወይም «ሁለት ደቂቃ»። እንግዳው ያምናል። ተነሥቶ እጁን ታጥቦ ይመጣል። ልጁን «ስልክህን አስቀምጥ» ይለዋል። ዳቦውን መቁረስ ያቆማል፣ ምግቡ መጣ ብሎ። ከዚያ ሁለቱ ደቂቃ ሃያ ይሆናል። እዚህ ላይ ያጣችሁት ጊዜ ብቻ አይደለም። ከዚህ በኋላ የምትሉትን አንዱንም አያምንም። «አሳው የዛሬ ነው» ብትሉት አያምንም። ሂሳቡንም መስመር በመስመር ያነባል።

ሰው መጠበቅ ይችላል። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ብሎ ግማሽ ቀን ቡና ላይ የሚቀመጥ የወሎ ሰው ትዕግሥት አያንሰውም። የሚያስቀይመው ምን ያህል እንደሚጠብቅ አለማወቁ ነው። ብዙ ብር ሊከፍል የመጣ ሰው የሚፈልገው አንድ ነገር ነው፦ የሚያስብለት ሰው እንዳለ ማወቅ። «ዶሮው 40 ደቂቃ ይፈጃል። ይጠብቃሉ ወይስ ፈጠን የሚል ላምጣልዎ?» ብትሉት አብዛኛው ይጠብቃል። ደስ ብሎት ይጠብቃል።

ታዲያ እንዲህ አድርጉ። ትዕዛዝ ስትቀበሉ ሰዓቱን ወረቀቱ ላይ ጻፉ። 10 ደቂቃ ሲሞላ ኪችን ግቡና በዓይናችሁ እዩ። ከዚያ እንግዳው ሳይጠይቃችሁ እናንተ ሂዱ። «ጥብሱ መጥበሻ ላይ ነው፣ ክትፎው ገና አልተጀመረም፣ 15 ደቂቃ ይቀረዋል» በሉ። ያየ ሰው አነጋገሩ ያስታውቃል።

የራሴን ልንገራችሁ። ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት ነው። ኮምቦልቻ፣ የምረቃ ሰሞን። አንድ አባት ልጃቸውን ይዘው መጡ። ከገጠር እንደመጡ ያስታውቃል። ጋቢያቸው ታጥቦ ነጥቷል፤ ዱላቸውን ወንበሩ ላይ አስደገፉ። ልጅቷ የምረቃ ገዋኗን አጥፋ ጉልበቷ ላይ አድርጋዋለች። ሜኑውን እሷ አነበበችላቸው። ዋጋውን ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ስትነግራቸው «ዛሬማ ግድ የለም» አሏት።

ቆይተው ሲጠይቁኝ «ደርሷል አባባ» አልኳቸው። ደግመው ጠየቁኝ። «አሁን ይወጣል» አልኩ። ከአንድ ሰዓት በኋላ እጄን ሽርጤ ኪስ ውስጥ ስከት የትዕዛዝ ወረቀቱ እዚያው አለ። ኪችን ጭራሽ አልገባም። ሮጬ ስመጣ ተነሥተዋል። የመጨረሻው መኪና ሊያመልጣቸው ነው። የጠጡትን የሁለት አምቦ ውኃ ሂሳብ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠዋል። ለእኔም ጉርሻ ጨምረውበታል። «አብሽሪ፣ ልጄ» አሉኝ። «ብቻ ረስተሽን ከሆነ ቀድመሽ ብትነግሪን ጥሩ ነበር።» ልጅቷ ቀና ብላም አላየችኝ።

መጀመሪያ ሲጠይቁኝ ኪችን ገብቼ ቢሆን ኖሮ ያኔውኑ ይታወቅ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ሳላይ «ደርሷል» ብዬ አላውቅም።

የአንዱን ሳህን አቅርቦ የሌላውን ማዘግየት

እኛ ጋ ሰው የሌላው ሳይቀርብ ብቻውን አይጀምርም። ይህን አስተናጋጅ ሁሉ ያውቃል፤ ጠረጴዛ ላይ ግን ይረሳዋል። ጥብሱ በሸክላ እየተንጫጫ ይመጣል። ያዘዘው ሰው «ጀምር እንጂ» ይባላል። «ኧረ ይምጣላችሁ» ይላል። ጩኸቱ ይቆማል። ስቡ ጠርዝ ጠርዙ ላይ ይነጣል። ሁሉም ሲሟላ እሱ ቀዝቃዛ ሥጋ ይበላል፣ ለዚያውም ሙሉ ዋጋ ከፍሎ።

ትዕዛዙን ለኪችን ስትሰጡ «የአንድ ጠረጴዛ ነው፣ አብሮ ይውጣ» በሉ። ሼፉ ረጅሙን ቀድሞ ይጀምራል። አንዱ መቅደሙ ግድ ከሆነም እንግዳውን ጠይቁት፤ «ኪችን ይቆይልዎ ወይስ ይምጣ?» በሉት።

ሳህን አለማሞቅ

ደሴ ላይ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ ናት። ማታ ማታ ይበርዳል። ቀዝቃዛ ሳህን ላይ የወጣ ምግብ ጠረጴዛ ሳይደርስ ለብ ይላል። ሻይም እንደዚያው ነው። በዚህ ከፍታ ውኃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ በባሕር ጠለል ላይ እንዳለው 100 አይደርስም። ቀዝቃዛ ሲኒ ውስጥ ሲገባ ደግሞ ወዲያው ይወርዳል። ሲኒውን በሙቅ ውኃ አለቅልቁት፣ ሳህኑን ምድጃው አጠገብ አቆዩት። ኮምቦልቻ ሠርቶ ደሴ የመጣ ልጅ ይህን ሁልጊዜ ይረሳል። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ብቻ ቢሆንም 600 ሜትር ያህል ሽቅብ ነው።

ለእጅ መታጠቢያም ሙቅ ውኃ። ከትልቅ ሰው ጀምሩ።

በስም መገመት

ሥጋን በተመለከተ ወሎ ውስጥ ግምት አይሠራም። አንድ እናት የወለደቻቸው ሁለት ወንድማማቾች አንዱ መስጊድ፣ አንዱ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳሉ። በስም ሃይማኖት አይለይም። ጠረጴዛው ተቀላቅሎ ይቀመጣል፤ ሻሽ የጠመጠመችው ክርስቲያን ልትሆን ትችላለች። ስለዚህ ሁሉንም አንድ ዓይነት ጠይቁ፦ «ሥጋው የሙስሊም ይሁንልዎ የክርስቲያን?» በዚህ የሚቀየም የወሎ ሰው አላየሁም። ሲጠየቅ ነው የኖረው።

ከጠየቃችሁ በኋላ ደግሞ አትቀላቅሉ። ቢላዋው፣ መክተፊያው፣ መጥበሻው፣ ማንሻ መቆንጠጫው የየራሱ ይሁን። አንድ የእራት ግብዣ ላይ ሁለቱ ዓይነት ሥጋ በአንድ ትልቅ ትሪ ላይ ተደርድሮ ወጣ። ለዓይን ያማረ ነበር። ግማሹ እንግዳ ሰላጣና ዳቦ በልቶ ሄደ። ማንም አልጮኸም። ጋባዡን ላለማሳፈር ዝም አሉ። እንግዳ ዝም ስላለ ጠግቧል አትበሉ፤ ያልተነካውን ሳህን እዩ።

«የጾም ነው» ብሎ መዋሸት

ሽሮው ቅቤ ገብቶበት «የጾም ነው» ማለት ነውር ነው። ሌላ ቃል የለኝም። የዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ ሰው 50ውን ጠብቆ በእናንተ ቃል ይገድፋል። ካላወቃችሁ ኪችን ገብታችሁ ጠይቁ። በምን መጥበሻ ላይ እንደተሠራም ጠይቁ።

ላሊበላ ላይ በተለይ ጠንቀቅ በሉ። ከኅዳር 15 ጀምሮ እስከ ገና ጾም ነው፤ ተሳላሚው ደግሞ ለታኅሣሥ 29 በብዙ ሺህ ይመጣል። 11ዱን አብያተ ክርስቲያናት ሲዞር ውሎ ደክሞት ነው የሚቀመጠው። የውጭ አገር እንግዳም አለ። «ወተት፣ እንቁላል፣ ሥጋ አልበላም» ሲላችሁ ፊታችሁ አይጨነቅ። የጠየቃችሁ እኮ የጾም ምግብ ነው። በየዓይነቱ አምጡለት፣ እያንዳንዱን እያሳያችሁ ስሙን ንገሩት።

በረመዳን ደግሞ ተምርና ውኃ ከመግሪብ አዛን በፊት ጠረጴዛው ላይ ይጠብቅ። አዛን ሲል ትዕዛዝ መቀበል የሚጀምር ቤት አይቻለሁ። ቀኑን ሙሉ የጾመን ሰው በዚያች ደቂቃ ማስጠበቅ አይገባም።

«ፋዘር፣ ምን ይምጣ?»

የ70 ዓመት ሰው «ፋዘር»፣ እናቱን የምታህለዋን «ማዘር»። ይህ ለታክሲ ይሁን። አባባ፣ እማማ፣ ጋሼ፣ እትዬ አለልን። እርስዎ አለልን። ገጠር ካሉት ሽማግሌዎች ጋር አንቱ በሉ፤ ደስ ይላቸዋል። በዕድሜ የሚቀራረቧችሁንም ቢሆን በመጀመሪያው ቀን «ብሮ» አትበሉ።

አለቀ፣ አለቀ፣ አለቀ

ሜኑው 60 ዓይነት ይዟል። እንግዳው አንዱን ይመርጣል፣ «አለቀ»። ሌላ ይመርጣል፣ «ዛሬ የለም»። ሦስተኛው ላይ ምርጫውን ትቶ «ያለውን አምጪ» ይላል። ሜኑውን ስትሰጡ የሌለውን አብራችሁ ንገሩ። በቃ።

ጥፋትን ኪችን ላይ መጣል

እንግዳው ሼፉን አያውቀውም፣ የሚያውቀው እናንተን ነው። «ኪችን ነው ያቆየው» ማለት ለእሱ ምንም አይጠቅመውም። ይቅርታ ጠይቁ፣ ምን እንደምታደርጉ ንገሩ፣ አድርጉት። ይቅርታው ሳይቀድም ነጻ ማኪያቶ አታምጡ። የተቀየመ ሰው በማኪያቶ የገዛችሁት ይመስለዋል።

ሂሳብ ላይ ማስደንገጥ

እስከዚህ ድረስ ጥሩ አስተናግዳችሁ እዚህ ላይ ታበላሹታላችሁ። ሜኑው 2,000 ብር ይላል። እንግዳው 2,000 አስቧል። አንዳንድ ቤት 10 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ ይጨምራል፣ 200። በ2,200ው ላይ 15 በመቶ ቫት፣ 330። ቢሉ 2,530 ሆኖ ይመጣል። ሰውየው ሚስቱ ፊት ኪሱን ይዳብሳል። ዋጋው ቫትን የማይጨምር ከሆነ ከሜኑው ግርጌ በደቃቅ ፊደል አትደብቁት፤ በአፋችሁም ተናገሩ። የአገልግሎት ክፍያው ሠራተኛው ጋ የማይደርስ ከሆነ ደግሞ ባለቤቶች አስቡበት፤ እንግዳው ለአስተናጋጁ የከፈለ ይመስለዋልና ጉርሻ አይሰጥም።

በቴሌብር የሚከፍል ሰው ኔትወርክ ቢያስቸግረው አናቱ ላይ አትቁሙበት። ራቅ ብላችሁ ጠብቁት።

ጥቃቅን የሚመስሉ

አውራ ጣት ሳህን ውስጥ አይግባ። አንዱ እየበላ የሌላውን ሳህን አታንሡ፤ የቀረውን ሰው ያጣድፈዋል። ወይን ሲታዘዝ ጠርሙሱን አሳዩ፣ እዚያው ፊቱ ክፈቱ። ሽቶ አታብዙ፤ ምግቡን ይሸፍነዋል። ስልክ ሎከር ውስጥ።

ለባለቤቶች

ብዙውን ስህተት አስተናጋጁ ላይ ጽፌዋለሁ፤ ግማሹ ግን የእናንተ ነው። ለወንበርና ለመብራት ብዙ ብር አውጥታችኋል። ልጆቹ ግን የሚሸጡትን ምግብ ቀምሰውት አያውቁም። እንግዳው «ይሄ ምን ይመስላል?» ሲላቸው «ጥሩ ነው» ብቻ የሚሉት ለዚህ ነው። በየሳምንቱ ሁለት ሳህን አውጡና አስቀምሷቸው። ከመክፈታችሁ በፊት 15 ደቂቃ ሰብስቧቸው፦ ዛሬ የሌለው ምንድን ነው፣ የትኛው ምግብ ይቆያል፣ የትኛው ጠረጴዛ ላይ ሽማግሌ አለ።

የእሑዱን ልጅ ስንወጣ ስንት ጠረጴዛ እንደያዘ ጠየቅሁት። ዘጠኝ። ውድ ቤት ውስጥ አንድ ሰው ዘጠኝ ጠረጴዛ አይዝም፤ አራት፣ ቢበዛ አምስት ነው። «ኪችን ገብተህ ለምን አላየህም?» አልኩት። «ከገባሁ ሌላው ይጠራኛል» አለኝ። ቁርስ በልቶ እንደሆነ ጠየቅሁት። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ጀምሮ ቆሟል፤ ሻይ ብቻ ነው የጠጣው።

ለባለቤቱ ደውዬለታለሁ። ማክሰኞ ጠዋት 3 ሰዓት፣ ቤቱ ሳይከፈት፣ እሄዳለሁ። ሥልጠናው ከመጀመሩ በፊት ለሠራተኞቹ ሁሉ ቁርስ እንዲያዘጋጅ ነግሬዋለሁ። እሺ ብሏል።