ጌም ልከራይ ወይስ ልግዛ? ገንዘብ የሚያስበሉ ስህተቶች

ባሕር ዳርም ሆነ ደብረ ማርቆስ ጌም ቤት በር ላይ የሚሰማው ቁጭት አንድ ነው፦ «ለኪራይ የከፈልኩትን ባጠራቅመው ኖሮ ሲዲውን በገዛሁት!» አንዳንዱ እውነቱን ነው። ሌላው ግን ቢገዛውም በሳምንቱ ጨርሶት አቧራ ያስለብሰው ነበር። ከታች ያሉት በፕሌይስቴሽን ላይ በየጊዜው የሚደጋገሙ ስህተቶች ናቸው።

የኪራይን ዋጋ ከመግዣ ዋጋ ጋር ማወዳደር

ሲዲ የገዛ ሰው ያወጣው ብር በሙሉ አይጠፋም። የሚጠፋው በገዛበትና መልሶ በሚሸጥበት ዋጋ መካከል ያለው ልዩነት ነው። ለስሌት ያህል በ4000 ብር ገዝታችሁ ከወር በኋላ በ2800 ብር ብትሸጡት፣ ጌሙ ያስወጣችሁ 1200 ብር ነው። የቀን ኪራዩ 100 ብር ከሆነ ሁለቱ 12ኛው ቀን ላይ እኩል ይሆናሉ። በከተማችሁ ያለውን ዋጋ አስገቡና ራሳችሁ አስሉት።

ቀጥሎ የሚጠየቀው ጌሙ በስንት ቀን ያልቃል የሚለው ነው። በ2018 የወጣው ጎድ ኦፍ ዋር ዋናው ታሪክ 20 ሰዓት አካባቢ ይፈጃል፤ ማታ ማታ ሦስት ሰዓት ለሚጫወት ሰው የአንድ ሳምንት ሥራ ነውና ተከራዩት። ሬድ ዴድ ሪደምፕሽን 2 ግን 50 ሰዓት ገደማ ስለሚወስድ ገዝቶ፣ ጨርሶ መሸጥ ይሻላል።

ትራንስፖርቱንም ቁጠሩት። ከዳንግላ ባሕር ዳር ሄዶ የሚከራይ ሰው አራት ጊዜ ይሳፈራል፦ ሊወስድ ደርሶ መልስ፣ ሊመልስ ደርሶ መልስ። መኪና በጠፋበት ቀን ደግሞ ኪራዩ መቁጠሩን አይተውም።

አካውንት ገዝቶ ጌም ገዛሁ ማለት

ይህኛው ያናድዳል፤ ሻጮቹ አሠራሩን እያወቁ ዝም ስለሚሉ ነው። «ሲዲው ውድ ነው፣ በአካውንት ልጫንልህ» ይባላል፤ ገዢውም በሩብ ዋጋ ጌም ያገኘ ይመስለዋል። የያዘው ግን በሌላ ሰው አካውንት የመጫወት ዕድል ነው፤ ባለቤቱ በፈለገ ቀን የሚያበቃ፣ የጊዜ ገደቡ ያልተነገረ ኪራይ በሉት።

አሠራሩ እንዲህ ነው። አንድ አካውንት ፕራይመሪ (ዋና) ሆኖ የሚመዘገበው በአንድ ፒኤስ ፎር (ፕሌይስቴሽን 4) ላይ ብቻ ነው። በዚያ ማሽን ላይ ጌሙ ያለ ኢንተርኔት፣ በማንኛውም ዩዘር ይከፈታል። ሻጩ ያንኑ አካውንት ለሌላ ሰው ሲሸጠው ሁለተኛው ሰው ሰከንደሪ (ተከታይ) ይሆናል፤ እሱም በሻጩ አካውንት ገብቶ፣ ኢንተርኔት አገናኝቶ ካልሆነ ጌሙ አይከፈትለትም። ኔትወርክ ሲጠፋ ጌሙ ላይ የቁልፍ ምስል ይወጣል። ጎጃም ውስጥ ለሚኖር ሰው ኔትወርክ ስንት ጊዜ እንደሚጠፋ መንገር አያስፈልግም።

ፕራይመሪ የገዛም ቢሆን እፎይ አይበል። የአካውንቱ ባለቤት ከድረ ገጹ ላይ ሁሉንም ማሽን በአንድ ጊዜ ማስወጣት ይችላል፤ ይህም በስድስት ወር አንዴ ይፈቀድለታል። ማሽናችሁ ተበላሽቶ ጥገና ቤት ሙሉ በሙሉ ቢጸዳ ደግሞ አካውንቱን እንደገና ለመመዝገብ የሻጩ ስልክ መነሳት አለበት። እንዲህ ያለ ሽያጭ በፕሌይስቴሽን አምራቹ በሶኒ ደንብ የተከለከለ ስለሆነ አካውንቱ ከታገደም የሚከሰስ የለም። መልሶ መሸጥማ አይታሰብም።

ይህን ሁሉ ሰምቶ «ቢሆንም እገዛለሁ» ለሚል ሰው አንድ ፈተና አለ። ብሩን ከመክፈላችሁ በፊት ኢንተርኔቱን አጥፉ፣ በራሳችሁ ዩዘር ግቡ፣ ጌሙን ክፈቱት። ካልተከፈተ ሰከንደሪ ነው፤ ሻጩ ምንም ቢምል ተዉት።

በራሳችሁ አካውንት ለምትገዙ፦ የስጦታ ካርዱ የሚሠራው አካውንቱ በተከፈተበት አገር ብቻ ነው። በአሜሪካ የተከፈተ አካውንት የእንግሊዝ ካርድ አይቀበልም።

የዘንድሮን ኳስ በሙሉ ዋጋ መግዛት

የኳሱን ጌም ሁሉም እስካሁን ፊፋ ይበለው እንጂ፣ ኢኤ በሚባለው ኩባንያ ተሠርቶ በዚያ ስም የወጣው የመጨረሻው ፊፋ 23 ነው፤ ከዚያ ወዲህ ኢኤ ስፖርትስ ኤፍሲ ሆኗል። አዲሱ በየዓመቱ በመስከረም ይወጣል፣ ያን ጊዜ የአሮጌው ዋጋ ይወድቃል። ስለዚህ ያለፈውን ዓመት ሲዲ ጥቅምት ላይ ግዙ፤ የዘንድሮው በእጃችሁ ካለ ነሐሴ ሳያልቅ ሽጡት። ቤት ውስጥ ከወንድም ጋር በሁለት ጆይስቲክ ለሚጫወት ሰው ልዩነቱ በአብዛኛው የተጫዋቾች ዝውውር ነው። ሌላው የኳስ ጌም ኢፉትቦል ደግሞ ከ2021 ጀምሮ በነፃ ይወርዳል።

ኳስን ግን ለቀናት መከራየት ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው፤ ዓመቱን ሙሉ የሚጫወቱት ጌም ኪራይ አያዋጣውም። ተሸናፊ ይከፍላል በሚባልበት ጌም ቤት ለሚሄድ ጀማሪማ አሮጌ ሲዲ ገዝቶ ቤቱ መለማመዱ በጣም ርካሽ ነው።

ሲዲውን ሳያገላብጡ መቀበል

የፒኤስ ፎርና የፒኤስ ፋይቭ ጌም ሲዲ የምንለው ብሉሬይ የሚባል ዲስክ ነው፤ ከዲቪዲ ይለያል። የዲቪዲ መረጃ ከገጹ 0.6 ሚሊሜትር ወደ ውስጥ ይገኛል፤ የብሉሬይ ግን 0.1 ሚሊሜትር ብቻ ነው። ሽፋኑ ጠንካራ ስለሆነ ቀላል ጭረት ይችላል፣ ጥፍር የሚይዘው ጭረት ግን መረጃውን ሊነካው ይችላል። በጥርስ ሳሙና ማሸት ምንም አይፈይድም፤ ያባብሰዋል። ስትረከቡ በባለቤቱ ፊት ብርሃን ላይ አዘንብሉት፣ ጭረት ካለም በስልክ ፎቶ አንሱት። ስትመልሱ የሚነሳውን ጭቅጭቅ ያስቀራል።

ሬድ ዴድ 2 እና ዘ ላስት ኦፍ አስ ፓርት 2 በፒኤስ ፎር ሁለት ሁለት ሲዲ አላቸው፤ አንዱ ለመጫን፣ ሌላው ለመጫወት። አንዱን ብቻ ይዞ ከባሕር ዳር ሞጣ የገባ ሰው ምን እንደሚሰማው ገምቱ።

ብዙ ተከራይ የማያውቀው ደግሞ ይህ ነው፦ የደረሳችሁበት ደረጃ የሚቀመጠው ሲዲው ላይ ሳይሆን ማሽኑ ላይ ነው። ብር ሲያጥር መልሳችሁ፣ በሌላ ወር ተከራይታችሁ ካቆማችሁበት መቀጠል ትችላላችሁ። ቦታ ለማስለቀቅ ስትሉ ጌሙን አጥፉ፣ የደረሳችሁበት ደረጃ የተቀመጠበትን ሴቭ ዳታ ግን አትንኩ። የሲዲውን ቁጥርም መዝግቡ፤ ሲዩኤስኤ ብሎ በሚጀምር ቁጥር ይታወቃል። ያው ጌም ለአሜሪካና ለአውሮፓ የሚወጣው በተለያየ ቁጥር ስለሆነ፣ በሁለተኛው ጊዜ ሌላ ቁጥር ያለው ሲዲ ከሰጧችሁ የድሮው ሴቭ ላይከፈት ይችላል።

የሌሊት ኪራይ

ፒኤስ ፎር ጌሙን ከሲዲው ወደ ሃርድ ዲስክ ሳይገለብጥ አያጫውትም። 500 ጊጋ ያለው ማሽን ላይ ቦታ ከሌለ ደግሞ መጀመሪያ ማጥፋት አለባችሁ፤ ሬድ ዴድ ብቻውን 100 ጊጋ ገደማ ይፈልጋል። ከምሽቱ አንድ ሰዓት የተረከባችሁት ጌም ተጭኖ፣ መብራት ሄዶ መጥቶ፣ ስትጀምሩ እኩለ ሌሊት ነው። ቢያንስ ለሦስት ቀን ተከራዩ፣ መብራት የሌለበት ቀን እንደማይቆጠርም አስቀድማችሁ ተስማሙ።

መብራት ድንገት ከሄደ በኋላ ጌሙ እንቢ ካለ ሲዲውን አትውቀሱ። ማሽኑን አጥፉ፣ ማብሪያውን ሁለተኛው ጢጥ የሚል ድምፅ እስኪሰማ ሰባት ሰከንድ ያህል ተጭናችሁ ያዙት፣ ጆይስቲኩን በገመድ ሰኩና 5ኛውን ምርጫ፣ ሪቢልድ ዳታቤዝ የሚለውን ንኩ። ሴቭ አያጠፋም።

ማሽኑን ሳያውቁ ሲዲ መያዝ

የፒኤስ ፋይቭ ሲዲ ፒኤስ ፎር ላይ አይሠራም፤ የፒኤስ ፎሩ ግን ሲዲ ማስገቢያ ባለው ፒኤስ ፋይቭ ላይ ይሠራል። ዲጂታል የሚባለው ፒኤስ ፋይቭ ማስገቢያ ስለሌለው ሲዲ መከራየትም፣ ያገለገለ መግዛትም፣ መሸጥም ከእናንተ ጋር አበቃ፤ ሲገዛ የረከሰው በዚህ ምክንያት ነው። ስሊም ለሚባለው ለ2023ቱ ቀጭን ዲጂታል ፒኤስ ፋይቭ ማስገቢያው ለብቻው ይገዛል፤ ሲገጠም ግን አንድ ጊዜ ኢንተርኔት ይፈልጋል።

ክራክ የተደረገ (ያልተገዛ ጌም እንዲያጫውት መከላከያው የተሰበረ) ፒኤስ ፎር ያለው ሰው አዲስ ሲዲ ቢከራይ አፕዴት ይጠየቃል። ካደረገ ክራኩ ይጠፋል፣ ካላደረገ ጌሙ አይከፈትም።

ማሽኑን ከነጆይስቲኩ ወደ ቤት የምትከራዩ፦ ከመክፈላችሁ በፊት ኳስ ጌም ክፈቱና ጣታችሁን ከስቲኩ ላይ አንሱ። ተጫዋቹ ብቻውን የሚራመድ ከሆነ ጆይስቲኩን አስቀይሩ። መያዣም መታወቂያ ሳይሆን ብር ስጡ፣ መጠኑንና የመመለሻውን ቀን በወረቀት አስጽፉ።