ቴሌቪዥኑ የኮምፒውተሩን ፊልሞች ማየት ካቆመ

ኮምፒውተራችሁን ወደ ዊንዶውስ 11 አሳድጋችሁ ሳሎን ያለው ቴሌቪዥን ፊልሞቹን ማግኘት ካቃተው፣ ራውተር ለመቀየር አትቸኩሉ። እኔ ሐዋሳ ቤታችን ውስጥ ግማሽ ቅዳሜ ገመድ ስነቅልና ስሰካ ዋልሁ፤ ችግሩ ግን ገመዱ ጋ አልነበረም።

መጀመሪያ የኔትወርኩን ዓይነት እዩ። «ፐብሊክ» ከሆነ ኮምፒውተሩ የቤታችሁን ዋይፋይ እንደ ሆቴል ዋይፋይ ቆጥሮ ራሱን ይደብቃል፤ ወደ «ፕራይቬት» መልሱት።

ዋናው ጉዳይ የይለፍ ቃል ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው 24ኤች2 የተባለው የዊንዶውስ 11 እትም፣ ፕሮ በሚባለው ዓይነት ላይ፣ ያለ ስምና ያለ ይለፍ ቃል በእንግድነት የሚደረግን ግንኙነት አይቀበልም። ስለዚህ ለቴሌቪዥኑ ብቻ የሚሆን ተራ ተጠቃሚ ክፈቱ፤ የይለፍ ቃል ስጡትና ፊልሞቹ ያሉበትን ፎልደር እንዲያነብ ብቻ ፍቀዱለት። በቴሌቪዥኑ ላይ ያንኑ ስምና ቃል አስገቡ። ኮምፒውተሩን የምትከፍቱበት አጭሩ የፒን ቁጥር እዚህ አይሠራም፤ እኔን ያደከመኝም ይኸው ነበር።

ቴሌቪዥኑ ያረጀ ከሆነ፣ በኔትወርክ ፋይል የሚጋራበትን አሮጌ ዘዴ፣ «ኤስኤምቢ 1ን አብሩት» የሚል መካሪ አይጠፋም። አትስሙት፤ እ.ኤ.አ. በ2017 ዋናክራይ የተሰኘው ቫይረስ የተዛመተው በዚያው በር ነው። ከዚያስ ፊልሙን በፍላሽ ገልብጦ መሰካት ይሻላል።