ሴሬቤለም ላይ የምትሳሳቱት ነገር

ደብረ ማርቆስ ውስጥ የሕክምና ተማሪዎችን አናቶሚ አስጠናለሁ። ሴሬቤለምን (ከአንጎል በስተኋላ ታች ያለውን፣ እንቅስቃሴና ሚዛንን የሚያስተካክለውን ክፍል) ሲስሉ እጃቸው ያምራል። ውጭውን ግራጫ፣ ውስጡን ነጭ ያደርጉና እርሳሱን ያስቀምጣሉ። "ሌላ ግሬይ ማተር፣ ግራጫ ክፍል ማለቴ ነው፣ የለም?" ስላቸው ዓይን ዓይኔን ያዩኛል። ኧረ በፈጠራችሁ! ነጩ ውስጥ እኮ በቀኝም በግራም አራት አራት ኒውክለስ (የነርቭ ሴሎች ክምችት) ተቀብሯል። ከዳር ወደ መሃል ዴንቴት፣ ኤምቦሊፎርም፣ ግሎቦስ፣ ፋስቲጂያል። እነዚህን የዘለለ ሰው ትእዛዙ በየት በኩል እንደሚወጣ አይገባውም። ከኮርቴክሱ (ከውጭው ግራጫ ሽፋን) የሚወጣው አክሶን፣ ማለትም መልእክት የሚያስተላልፈው የነርቭ ሴል ክር፣ ፑርኪንጄ የሚባለው ትልቅ የነርቭ ሴል ብቻ ነው ያለው። እሱም በአብዛኛው የሚያርፈው እነዚሁ ኒውክለሶች ላይ ነው። ከፍሎኩሎኖዱላር ሎብ (ሚዛንን ከሚጠብቀው ትንሽ የሴሬቤለም ክፍል) የሚነሳው ብዙው ግን በቀጥታ በአንጎል ግንድ ውስጥ ወዳሉት የሚዛን ኒውክለሶች፣ ቬስቲቡላር ወደሚባሉት፣ ይሄዳል።

እውነቱን ለመናገር ሥዕሉም ጥፋት አለበት። መጽሐፍ ላይ የለመዳችሁት ምስል መሃል ለመሃል፣ በቨርሚስ (በሴሬቤለም መካከለኛ ክፍል) በኩል የተቆረጠ ነው። አርቦር ቪቴ የሚሉት የነጩ ቅርንጫፍ እዚያ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ዴንቴት ግን ያለው ጎን ላይ፣ ሄሚስፌሩ (የጎኑ ግማሽ) ውስጥ ስለሆነ ቢላው አይነካውም። አግድም የተቆረጠውን ፈልጉ። ያኔ እንደ ተጨማደደ ከረጢት ሆኖ ታገኙታላችሁ።

የሕብለ ሰረሰርን ሥርዓት እዚህ አታምጡ። እዚያ ግራጫው ውስጥ፣ ነጩ ውጭ ነው።

ፑርኪንጄ ትልቅና ስመ ጥር ስለሆነ ብቻ በቁጥርም የሚበዛ የሚመስላቸው አሉ። የሚበዙት ከሥሩ የታጨቁት ጥቃቅን ግራኑል ሴሎች ናቸው። ሴሬቤለም በመጠን የአንጎል 10 በመቶ ገደማ ሆኖ ሳለ ከነርቭ ሴሎቹ ከግማሽ በላይ የሚይዘው በእነሱ ምክንያት ነው።

ፑርኪንጄ የሚያርፍበትን ሴል ያነቃቃል ብሎ የሚጽፍም አይጠፋም። ያግዳል። በቃ።

ጎን ማምታታትም አለ። የቀኝ ሴሬቤለም ሲጎዳ የሚቸገረው የቀኝ እጅ ነው፤ የነርቭ መንገዱ ከጎን ወደ ጎን ሁለቴ ስለሚሻገር ዞሮ እዚያው ጎን ይመጣል።

የመጨረሻው ከፈተና ወረቀት ያልፋል። ከገበያ የተመለሰ ሰው ሲንገዳገድ ሁሉም "አረቄው ነው" ይላል። ድንገት የጀመረ መንገዳገድ የሴሬቤለም ስትሮክ ሊሆን ስለሚችል ትንፋሹን አሽትታችሁ ብቻ አትሸኙት። ለዓመታት የጠጣም ቢሆን ችግሩ የዛሬው ስካር ላይሆን ይችላል። አልኮል በተለይ የቨርሚስን የላይኛውን የፊት ክፍል ይጎዳል። እንዲህ ዓይነቱ ታማሚ ሳይጠጣ በዋለበት ቀንም እግሩን አራርቆ ነው የሚራመደው፤ እጁ ግን ብዙም ላይነካ ይችላል።