በአንድ ግሥ የተነሳ ጠብ፦ የውጫሌን ውል ይዞ ማስረጃ መመዘን

«ጣልያን ምኒልክን አታለለ» የሚለውን ሁላችንም ተምረነዋል። የምንማረው ግን መልሱን እንጂ እንዴት እንደተደረሰበት አይደለም። የታሪክ ማስረጃ መመዘን ለመልመድ ከዚህ ውል የሚሻል ጥቂት ነው፤ በሁለት ቋንቋ ተጽፏል፣ የአንቀጽ 17 ጠብም ያረፈው በአንድ ግሥ ላይ ነው።

መጀመሪያ ጥያቄውን ከፋፍሉት። ሁለቱ ጽሑፎች ምን ይላሉ? ምኒልክ አንቀጹን እንዴት ተረዱት? የጣልያን ተደራዳሪ ኮንት አንቶኔሊ ልዩነቱን ያመጣው አውቆ ነው? ሦስቱ የየራሳቸውን ማስረጃ ይፈልጋሉ። ክርክር የሚበላሸው ብዙ ጊዜ ለመጀመሪያው የቀረበው ማስረጃ ሦስተኛውንም እንደመለሰ ሲቆጠር ነው።

ቀን መቀየር ላይ ተጠንቀቁ። ውሉ የተፈረመው ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ነው፤ በፈረንጆች ሜይ 2 ቀን 1889። በሁለቱ አቆጣጠሮች የዛሬ ልዩነት ካሰላችሁ ግን ሜይ 3 ይመጣላችኋል። በፈረንጆች አቆጣጠር 1900 ፌብሩዋሪ 29 ስላልነበራት ከዚያ ወዲህ ልዩነቱ በአንድ ቀን ሰፍቷል። ዓድዋም እንደዚሁ ነው፦ የካቲት 23 ቀን 1888 ማርች 1 ነበር፣ አሁን ማርች 2 ላይ ይውላል። አንድ ቀን ትንሽ ይመስላል፤ ቴሌግራምና ደብዳቤ በቅደም ተከተል ስትደረድሩ ግን መልሱን ከጥያቄው ያስቀድምባችኋል።

አሁን ጽሑፎቹን ጎን ለጎን አኑሩ። አማርኛው ንጉሠ ነገሥቱ ከአውሮፓ ነገሥታት ጋር ለሚኖራቸው ጉዳይ በኢጣልያ መንግሥት አማካይነት መላላክ «ይቻላቸዋል» ይላል። ጣልያንኛው ግን በዚያ መንግሥት ለመጠቀም ተስማምተዋል የሚል ነው። በእንግሊዝኛ ያገኛችሁት ትርጉም ከየትኛው እንደተወሰደ ካላወቃችሁ ለዚህ ጥያቄ አይረዳችሁም።

ለሁለተኛው ጥያቄ ከቃል ይልቅ ድርጊት ይጠቅማል። ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ከነገሡ በኋላ ለአውሮፓ ነገሥታት በቀጥታ ጻፉ። እንግሊዝና ጀርመን በጣልያን በኩል መምጣት ነበረበት ብለው መለሱ፤ ጣልያን በኦክቶበር 1889 አንቀጹን ለመንግሥታቱ አስታውቃ ነበርና። በሴፕቴምበር 1890 ምኒልክ ለጣልያን ንጉሥ ኡምቤርቶ የተቃውሞ ደብዳቤ ላኩ። ሁለቱም የምኒልክ ናቸው፤ ክብደታቸው ግን እኩል አይደለም። ተቃውሞው ጠብ ከተነሳ በኋላ የመጣ የባለጉዳይ ቃል ነው። የንግሥናው ደብዳቤ የተጻፈው ግን ማንንም ለማስረዳት አልነበረም፤ ስለዚህ አንቀጹን እንደ ፈቃድ ማየታቸውን የበለጠ ያሳያል።

የቤተ መንግሥቱን ዜና መዋዕል ስታነቡም ጸሐፊው የንጉሡ ሰው መሆኑን አትርሱ። ለማዕረግና ለሥርዓት ጥሩ ምስክር ነው፤ ንጉሡ ተሳስተው ከሆነ ግን ከእሱ አትጠብቁ። ከእሱ የቀዱ አሥር መጻሕፍትም አሥር ምስክር አይሆኑም፤ አንድ ናቸው።

ሦስተኛው ጥያቄ ከባዱ ነው። የጽሑፍ ልዩነት ብቻውን ሐሳብን አያረጋግጥም፤ የአስተርጓሚ ስሕተትም ተመሳሳይ ልዩነት ይፈጥራል። አንቶኔሊን ለመክሰስ ከፊርማው በፊት የነበሩ ረቂቆችና ወደ ሮም የላካቸው ሪፖርቶች ያስፈልጋሉ። እነሱን እስክታዩ ድረስ ከመጀመሪያው መልስ አጠገብ «የተረጋገጠ»፣ ከሁለተኛው «በጣም የሚመስል»፣ ከሦስተኛው «ገና ክፍት» ብላችሁ ጻፉ።