የሜዳ ኮንሰርትን ታሪክ እንዴት እንሰብስብ?

የምኖረው አያት፣ ከባቡሩ መጨረሻ ፌርማታ አለፍ ብሎ ነው። ቤቴ ውስጥ ሁለት ካርቶን ሙሉ የድሮ ኮንሰርት ፖስተር አለ።

የአንድን ዓመታዊ የሙዚቃ ዝግጅት ታሪክ ልትጽፉ ነው? ከዘፋኞቹ በፊት ሳውንድ ሲስተም የሚገጥሙትን ልጆችና በር ላይ ቆሎ የሚሸጡትን እናቶች ጠይቁ። ዝናብ የበተነውን ምሽት የማይረሱት እነሱ ናቸው።

ከዚያ ቀኑን አጣሩ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የቦብ ማርሌይ 60ኛ ልደት ኮንሰርት መስቀል አደባባይ የተካሄደው ጥር 29 ቀን 1997 ነው፤ በፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ 6 ቀን 2005። ከዕንቁጣጣሽ እስከ ፈረንጆቹ አዲስ ዓመት ልዩነቱ 7 ዓመት፣ ከዚያ በኋላ 8 ነው። ሁለቱንም ጻፉ።

ፖስተር የሰጣችሁን ሰው ስም ከጀርባው በእርሳስ አስፍሩ። እስክርቢቶ ወደ ፊት ያልፋል፤ በጣም የምወደውን አንዱን ያጣሁት እንደዚያ ነው።