እንግሊዝ ሀገር ልጅ የምታስተምሩ፦ የፒውፕል ፕሪሚየም ብር እንዴት እንደሚመጣና ት/ቤቱ ምን እንደሰራበት እንዴት እንደምትጠይቁ

ልጃችሁ ሪሴፕሽን ወይ ይር 1 ሆኖ ምሳ በነፃ እየበላ ነው፣ የነፃ ምሳ ፎርም ሙሉ ስትባሉ ደግሞ "ለሁሉም ልጅ ነው ተብለናል እኮ፣ ምን ያስሞላናል" የምትሉ ከሆነ ይሄ ለናንተ ነው። ምሳው እውነትም ለሁሉም ነው፣ ከ2014 ሴፕቴምበር ጀምሮ በመንግስት ት/ቤት እስከ ይር 2 ያለ ልጅ በሙሉ በነፃ ይበላል፣ ለንደን ደግሞ ከ2023 ሴፕቴምበር ወዲህ ፕራይመሪው በሙሉ። ግን ከምሳው ጀርባ ሌላ ብር አለ፣ እሱ ደግሞ የሚመጣው ገቢያችሁ ታይቶ በስማችሁ ከተመዘገባችሁ ነው። ካልተመዘገባችሁ ልጁ ይበላል፣ ት/ቤቱ ግን በሱ ስም ሳንቲም አያገኝም። እኔ ት/ቤት ውስጥ ቲኤ (የአስተማሪ ረዳት) ሆኜ ነው የምሰራው፣ የኛ ሰው በብዛት የሚያመልጠው እዚችው ጋ ነው።

ብሩ ፒውፕል ፕሪሚየም ይባላል፣ በ2011 ነው የተጀመረው። አቅም ከሌለው ቤት የሚመጣ ልጅ በትምህርት ወደኋላ እንዳይቀር ት/ቤቱ ከመደበኛው በጀት ላይ ተጨማሪ ይሰጠዋል። ለ2025-26 በአንድ ልጅ ፕራይመሪ 1,515 ፓውንድ፣ ሴኮንደሪ 1,075 ፓውንድ ነው። በካውንስል እጅ ላሉ ልጆች (ብቻቸውን መጥተው ፎስተር ቤት ያሉት የኛ ልጆችም እዚህ ውስጥ ናቸው) 2,630 ነው፣ የነሱን የሚያስተዳድረው ግን ቨርቹዋል ስኩል የሚባለው የካውንስሉ ክፍል ስለሆነ ጥያቄ ካላችሁ በየተርሙ በሚደረገው የፔፕ (የልጁ የግል ትምህርት እቅድ) ስብሰባ ላይ አንሱት።

ማን ነው የሚገባው? ዋናው መንገድ ዩኒቨርሳል ክሬዲት (ገቢው ዝቅ ላለ ሰው የሚሰጠው የመንግስት ቤኔፊት) ላይ ሆናችሁ የቤተሰቡ የስራ ገቢ ከታክስ በኋላ በአመት ከ7,400 ፓውንድ ካልበለጠ ነው፣ በወር ወደ 616 ፓውንድ ማለት ነው፣ ቤኔፊቱ ራሱ አይቆጠርም። አዎ ትንሽ ነው፣ በሳምንት ሁለት ቀን ክሊኒንግ የሚሰራ ሰው እንኳን ያልፈዋል። ግን እዚህ ጋ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ፦ ልጁ ባለፉት 6 አመታት አንዴ እንኳን በገቢ ምክንያት ለነፃ ምሳ ተመዝግቦ ከነበረ ብሩ መምጣቱን ይቀጥላል። ስለዚህ ስራ የጠፋበት ሰሞን፣ ገና እንደገባችሁ፣ ከወሊድ በኋላ ቤት የተቀመጣችሁ ጊዜ፣ ያኔውኑ አስመዝግቡ፣ "ሁለት ወር ነው፣ ስራ ስጀምር ይቀራል" ብላችሁ አትተዉት። ሪሴፕሽን ላይ አንዴ የተመዘገበች ልጅ አባቷ በኋላ ጥሩ ስራ ቢይዝም 6 አመት ትቆጠራለች፣ በ2025-26ቱ ተመን አስሉት ወደ 9,000 ፓውንድ ነው።

አሳይለም ሰፖርት ላይ ያላችሁም ትገባላችሁ። ቪዛችሁ ላይ "ኖ ሪኮርስ ቱ ፐብሊክ ፈንድስ" (ፐብሊክ ፈንድ የሚባሉትን የመንግስት ቤኔፊቶች መውሰድ አትችሉም) የሚል ያለባችሁም ትገባላችሁ፣ የናንተ የገቢ ልክ እንደውም ሰፋ ያለ ነው፣ አንድ ልጅ ላለው ለንደን ውስጥ 31,200፣ ከለንደን ውጪ 22,700፣ ሁለትና ከዛ በላይ ለሆነ 34,800 እና 26,300፣ ከዛ ላይ ያጠራቀማችሁት ገንዘብ ከ16,000 ፓውንድ መብለጥ የለበትም። "ሆም ኦፊስ ያይብናል፣ ቪዛችን ላይ ችግር ያመጣል" የሚሉ አሉ፣ ነፃ የት/ቤት ምሳ ግን በኢሚግሬሽን ህጉ ፐብሊክ ፈንድ ተብለው ከተዘረዘሩት ውስጥ የለም፣ ስለዚህ በፍርሀት አትቅሩ።

ከ2026 ሴፕቴምበር ጀምሮ ዩኒቨርሳል ክሬዲት የሚያገኝ ቤተሰብ በሙሉ ልጁ በነፃ እንዲበላ መንግስት ወስኗል። ደስ ይላል፣ ግን ፒውፕል ፕሪሚየሙ በዛው በ7,400ው ልክ ነው የሚቀጥለው፣ ያው "ለሁሉም ሆነ" ብሎ ፎርሙን የሚተወው ሰው ሊበዛ ነው።

አመዘጋገቡ ከባድ አይደለም። የካውንስሉ ዌብሳይት ላይ ፍሪ ስኩል ሚልስ ብላችሁ ፈልጉ፣ ወይ ት/ቤቱ ኦፊስ ሂዱና ፎርሙን ስጡኝ በሉ። የወላጅ ስም፣ የትውልድ ቀን፣ የናሽናል ኢንሹራንስ ነምበር ወይም አሳይለም ላይ ላለ የናስ ነምበር (የአሳይለም ሰፖርት ቁጥሩ)፣ የልጁ ስምና ት/ቤት፣ በቃ። ስም ስትሞሉ ቤኔፊት ላይ ባለው ስፔሊንግ ይሁን፣ የኛ ስም አንዱ ጋ በአንድ ፊደል ሌላው ጋ በሁለት ይፃፍና ሲስተሙ "አልተገኘም" ብሎ ይመልሳችኋል፣ ሰው ደግሞ "ተከለከልኩ" ብሎ ይተወዋል። ኖ ሪኮርስ ያላችሁ ሲስተሙ ገቢያችሁን ስለማያየው በወረቀት ነው፣ ፔይስሊፕና ባንክ ስቴትመንት ያዙ። አንዳንድ ካውንስል ራሱ ዳታውን አይቶ ይመዘግባል፣ በሱ ተማምናችሁ ግን አትቀመጡ።

ጊዜው ወሳኝ ነው። በጀቱ የሚሰላበት የተማሪ ቆጠራ ኦክቶበር መጀመሪያ ላይ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ የመጀመሪያው ሀሙስ፣ የዛን ቀን የተመዘገበ ልጅ ነው ከኤፕሪል ለሚጀምረው በጀት የሚቆጠረው። ሴፕቴምበር ውስጥ ጨርሱት።

ሼም የያዛችሁ ደግሞ፣ ክፍል ውስጥ ማንም አያውቅም። የኛ ሰው ገበናችን ይወጣል ብሎ ይፈራል፣ ግን ዝርዝሩን የሚያዩት ኦፊሱና አስተማሪዎቹ ናቸው፣ ልጁ ላይ የሚለጠፍ ነገር የለም።

እሺ ብሩ መጣ፣ ከዛስ? መጀመሪያ ይሄን እንግባባ፣ ብሩ የልጁ የግል አካውንት አይደለም። "የልጄ 1,515 የታለ፣ ላፕቶፕ ግዙልኝ" ብሎ መሄድ አይሰራም፣ ት/ቤቱ ሁሉንም አንድ ላይ አድርጎ ይጠቅማል ባለው ላይ ያወጣዋል፣ ያልተመዘገበ ግን ድጋፍ የሚያስፈልገው ልጅም ቢጠቀምበት ህጉ ይፈቅዳል። ግን ምን ላይ እንዳዋለው በየአመቱ እስከ ዲሴምበር 31 ዌብሳይቱ ላይ ማውጣት ግዴታው ነው። የት/ቤቱን ስምና ፒውፕል ፕሪሚየም ስትራቴጂ ስቴትመንት ብላችሁ ጎግል አድርጉ፣ እንግሊዝኛው ከከበዳችሁ በስልካችሁ ተርጉሙት፣ ፎርማቱ የሁሉም ት/ቤት አንድ አይነት ስለሆነ አንዴ ከገባችሁ ሌላውም ይገባችኋል።

መጀመሪያ ላይ ስንት ልጅ እንዳለ፣ ከመቶ ስንቱ እንደተመዘገበ፣ ስንት ብር እንደመጣና ኃላፊው ማን እንደሆነ የሚያሳይ ሰንጠረዥ አለ፣ ስሙን ያዙት። ቀጥሎ "ቻሌንጅስ" (ልጆቹን ወደኋላ የሚያስቀሩ ችግሮች) የሚል ዝርዝር ይመጣል፣ ከዛ ብሩ በሶስት ይከፈላል፦ የክፍል ማስተማርን ማሻሻል፣ ለተመረጡ ልጆች የሚሰጥ ድጋፍ፣ ሌላው ደግሞ እንደ ቁርስ ክለብ፣ ከት/ቤት መቅረትን መቀነስ፣ ትሪፕ ምናምን። ወላጅ ሲያየው የመጀመሪያው ያናድዳል፣ "በልጆቻችን ስም አስተማሪ ያሰለጥናሉ" ይላል፣ ግን እኔ በዚህ ከት/ቤቶቹ ጋር ነኝ፣ ልጁ ቀኑን ሙሉ የሚውለው ከክፍል አስተማሪው ጋር ነው፣ እሱ ካልተሻሻለ በሳምንት አንድ ሰአት ቱተሪንግ የትም አያደርስም። በተቃራኒው ቲኤ አጠገቡ አስቀምጦ ቀኑን ሙሉ መልሱን እንዲነግረው ማድረግ የሚረዳ ይመስላል፣ ልጁ ግን ራሱ ማሰብ ያቆማል። ቲኤ ሆኜ ነው ይሄን የምላችሁ።

ጥሩውን ከመጥፎው የምለየው በዝርዝርነቱ ነው። "ለይር 4 ንባብ ለከበዳቸው ልጆች በሳምንት ሶስቴ 20 ደቂቃ በትንሽ ግሩፕ፣ በየተርሙ መጨረሻ ፈተና" የሚል ካያችሁ አስበውበታል። "የልጆችን በራስ መተማመን ማሳደግ" ብሎ ጎኑ ላይ 18,000 ፓውንድ ከፃፈ ጠይቁ። መጨረሻ ላይ ያለው ፓርት ቢ ያለፈው አመት ውጤት ግምገማ ነው፣ እሱን ከአምናው ሰነድ ጋር አስተያዩት፣ ቃል በቃል ኮፒ የሚያደርግ አይጠፋም።

ፓረንትስ ኢቭኒንግ ላይ የምታገኟት 10 ደቂቃ ናት፣ ሰላምታውን አሳጥሩና እነዚህን ጠይቁ፦ ልጄ ፒውፕል ፕሪሚየም ዝርዝር ውስጥ አለች ወይ? በዚህ ተርም ምን ተደረገላት፣ ማን ነው የሚሰራው፣ በሳምንት ስንቴ? ከየትኛው ትምህርት እያወጣችኋት ነው? (ይሄን አትርሱ፣ ለንባብ ብለው በየሳምንቱ ከሳይንስ የሚያወጧት ከሆነ ሌላ ክፍተት ነው የሚፈጠረው።) እንደጠቀማትስ በምን አወቃችሁ? አስተርጓሚ ከፈለጋችሁ ቀደም ብላችሁ ንገሯቸው፣ ልጁን ራሱን አስተርጓሚ አታድርጉት፣ ስለ ድክመቱ ሲወራ እያሳመረ ነው የሚተረጉምላችሁ።

አስተማሪዋ "ኢኤኤል ድጋፍ እያገኘች ነው" ካለቻችሁ እሱ ሌላ ነው። እንግሊዝኛ ሁለተኛ ቋንቋው ለሆነ ልጅ የሚመጣው በጀት ለብቻው ነው፣ ቋንቋ ብቻውን ፒውፕል ፕሪሚየም አያስገኝም፣ አንዱ ሌላውን አይተካም።

መልሱ ካላረካችሁ ሰንጠረዡ ላይ ስሙን የያዛችሁትን ሰው በኢሜይል ጠይቁት፣ በአፍ የተባለ ይረሳል። እሱም ካልመለሰ እዛው ሰነድ ላይ የገቨርነሩ (ት/ቤቱን ከሚቆጣጠረው ቦርድ አንዱ) ስም አለ።

መመዝገቡ ሌላም ነገር ይከፍታል። በገቢ ምክንያት ነፃ ምሳ ያለው ልጅ በፋሲካ፣ በሰመርና በገና እረፍት ሀፍ በሚባለው ፕሮግራም ምግብና ጨዋታ በነፃ ያገኛል፣ ዩኒፎርምና የሙዚቃ ትምህርት ላይም የሚረዱ ት/ቤቶች አሉ፣ የሚያድርበት ትሪፕ ሲመጣ ከመክፈላችሁ በፊት ኦፊስ ጠይቁ። ቤት ቀይራችሁ ሌላ ካውንስል ከገባችሁ ደግሞ ፎርሙን እንደገና ሙሉ፣ የድሮው ካውንስል ለአዲሱ አያስተላልፍላችሁም፣ ይር 7 ሲገባም ለአዲሱ ት/ቤት ከዚህ በፊት ተመዝግቦ እንደነበር ንገሩት።