የቦኔቪሌ ግራ ሲሊንደር ሚኒሞ ያዘ

የ1970 እ.ኤ.አ. ትራያምፍ ቦኔቪሌ ሞተርሳይክሌ ነዳጅ ስሰጠው ደህና ይሮጣል፤ ሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳልሰጠው በዝግታ ሲሰራ) ግን ግራው ሲሊንደር ይጠፋ ነበር። ሁለት ቅዳሜ የነዳጅ መስጫውን ካቦ ሳስተካክል ባከንኩ። ችግሩ እዚያ አልነበረም። ለዓመታት የቆመ ቤንዚን ደርቆ የግራውን አማል ካርቡሬተር (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለውን ክፍል) የሚኒሞ ቀዳዳ ደፍኖታል። ቀዳዳው ከአየር ብሎኑ ጀርባ ጥልቅ ውስጥ ስላለ የካርቡሬተር ማጽጃ ስፕሬይ ብቻውን አይከፍተውም። ብሎኑን ፈትቼ 0.4 ሚሊሜትር የብረት የጊታር ክር ቀጥ አድርጌ አስገባሁ፤ በጣም በቀስታ፣ ቀዳዳው አንዴ ከሰፋ አይመለስምና። ከዚያ የረጨሁት ስፕሬይ በካርቡሬተሩ ጉሮሮ ትንንሽ ቀዳዳዎች ፊጭ ሲል እንዴት ደስ አለኝ! የአየር ብሎኖቹን እስኪነኩ አስገብቼ አንድ ተኩል ዙር መለስኳቸው፤ ሞተሩ ሲሞቅ እያንዳንዱን ሲሊንደር ለየብቻ አስተካከልኩ። ካቦዎቹን የነካሁት መጨረሻ ላይ ነው፣ በካርቡሬተሮቹ ውስጥ አየር የሚከፍቱት ሁለቱ ስላይዶች እኩል እንዲነሱ። አሁን ቀይ መብራት ላይ እጄን ከነዳጁ አነሳለሁ፤ አይጠፋም።